ቡድናቸው በጸደይ ሲደክም የሚያዩ ሰዎች፤ በዋሺንግተን የቤዝቦል ሜዳ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን ለሚኖረው ወይም በጕዳይ ምክንያት ወደዚያ ለሚደርሰው ኢትዮጵያዊ፥ የምክር ቤቱ ጕልላትና የፕሬዚዳንቱ ነጭ ቤት አስቀድሞ በሥዕል ያያቸው ስለ ሆኑ እንግዳ አይሆኑበትም። የሕዝቡን ጠባይ ለማወቅ የሚወድ ሰው ግን በኤፕሪል ወር፥ የቤዝቦል ጨዋታ ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ አንድ ማታ ወደ ሜዳው ብቅ ቢል ይበጀዋል። በዚያን ጊዜ አየሩ ገና ብርድ ነው፤ ቡድኑም ብዙ ጊዜ ገና አልጸናም። ሰውም በብርድና በሽንፈት መካከል ተቀምጦ የሚናገረው የልቡን ስለ ሆነ፥ ስለ ተስፋና ስለ ቍጣ፥ ስለ ታማኝነትና ስለ ጥርጥር ብዙ ነገር ይሰማል። እኛም በዚህ ገጽ የምንጽፈው የጨዋታውን ብልሃት ለማስተማር ሳይሆን፥ ቡድናቸው መንገዱን በመሰናከል የጀመረባቸው ሰዎች በሜዳውና በቤታቸው እንዴት እንደሚሆኑ ለመግለጽ ነው። የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተመቸ ነው። የሀገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ ከከፈቱበት ከዘጠነኛው መንገድና ከዩ ስትሪት ሰፈር ተነሥቶ፥ አረንጓዴ መሥመር በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር የሚሳፈር ሰው፥ ባቡር ሳይለውጥ በሰባተኛው ጣቢያ ከሜዳው አጠገብ ይወርዳል። ነገር ግን ከመሳፈሩ በፊት ጥቂት ወደ ሰሜን በእግሩ ቢራመድ፥ በጆርጂያ ጎዳና ላይ የሆዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሐኪም ቤት ያገኛል። ይህ ሐኪም ቤት የቆመበት ስፍራ ቀድሞ የቤዝቦል ሜዳ ነበረ፤ ስሙም ግሪፊት ስታዲየም ይባል ነበር፤ የፈረሰውም በ1965 ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙበት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ሜዳ ጎረቤት ነበር። ዛሬ የቡና ሽታ በሚያውድበት ሰፈር በዚያ ዘመን የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት ይሰማ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የከተማይቱ የቤዝቦል ታሪክ የሚጀምረው ከእኛ ደጃፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በዚህ ስፍራ በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት የዓመቱን የመጀመሪያ ኳስ ከተቀመጡበት ወርውረው ጨዋታውን ከፈቱ፤ ከዚያም ወዲህ ከተሾሙት ፕሬዚዳንቶች ብዙዎቹ ይህን ልማድ ተከትለዋል። በቀለማቸው ምክንያት ከታላላቆቹ ቡድኖች የተከለከሉት ጥቍር ተጫዋቾችም ሆምስቴድ ግሬይስ በሚባለው ቡድን ሆነው በዚሁ ሜዳ ይጫወቱ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የነበረው ጆሽ ጊብሰን በመቺነቱ በዘመኑ ከነበሩት ነጮች ከማንም የሚያንስ አልነበረም። በ1924 ደግሞ ኦክቶበር 10 ቀን የዋሺንግተን ቡድን የኒው ዮርክን ጃያንትስ በሰባተኛው ጨዋታ በ12ኛው ዙር አሸንፎ የሀገሩን ሁሉ የበላይነት አገኘ። የማሸነፊያውን ነጥብ ያመጣው ኳስ በአንዲት ጠጠር ላይ ነጥሮ በተከላካዩ ራስ ላይ ዘሎ ያለፈ ነው ይባላል። የከተማው ሽማግሌዎች ይህችን ጠጠር ለልጅ ልጆቻቸው ሲተርኩ ኖሩ፤ ከእርስዋም በኋላ 95 ዓመት ያህል ሌላ የሚተርኩት ድል አላገኙም።

ድል ማጣት ብቻ ቢሆን ግን ባልከፋ ነበር። የ1960 ጨዋታ ካለቀ በኋላ ያ ቡድን ወደ ሚኒሶታ ተዛወረ። በእርሱ ምትክ የተቋቋመው ሁለተኛው ቡድንም በ1971 ወደ ቴክሳስ ለመሄድ ተነሣ። ሁለተኛው ቡድን ሴፕቴምበር 30 ቀን የመጨረሻ ጨዋታውን ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋራ ያደረገው በከተማይቱ ምሥራቅ በነበረው በሌላው ሜዳ ነው። ዋሺንግተን 7 ለ5 እየመራ፥ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ መቺ ብቻ ማስወጣት ሲቀረው፥ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ሜዳው ጐረፈ፤ ሣሩን ነቀለ፥ ማረፊያዎቹን ተሸክሞ ሄደ። ዳኞቹም ጨዋታው ሊቀጥል እንዳልተቻለ አይተው ለእንግዳው ቡድን ፈረዱለት። ያ ሕዝብ ሊያሸንፍ ጥቂት ሲቀረው የገዛ ድሉን ያበላሸው በስካር ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኛ ግን ዘመዱ ከሄደበት ሰው ኀዘን የተለየ ሆኖ አይታየንም። ከዚያ በኋላ 33 ዓመት በዋሺንግተን የከተማዋ የሆነ ታላቅ ቡድን አልነበረም። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ጨዋታ ለማየት ወደ ባልቲሞር ይሄዱ ነበር። በ2005 ናሽናልስ የሚባለው ቡድን ከካናዳ ከሞንትሪያል መጥቶ ነው ከተማይቱ ዳግመኛ ባለ ቡድን የሆነችው።

እንግዲህ የዋሺንግተን ሰው በኤፕሪል ወር ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ከመጠን በላይ ቢደነግጥ ልንስቅበት አይገባም። ከሽንፈት ቀጥሎ ባዶ ሜዳ እንደሚመጣ ሁለት ጊዜ አይቷልና።

ባቡሩ ኔቪ ያርድ ከሚባለው ጣቢያ ሲደርስ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ሕዝብ በአንድነት ይወርዳል። ናሽናልስ ፓርክ የሚባለው ሜዳ በ2008 ተከፍቶ 41,000 ያህል ሰው የሚያስቀምጥ ነው፤ የአናኮስቲያ ወንዝም በአጠገቡ ያልፋል። ከሜዳው በስተግራ በኩል ከአጥሩ ማዶ የቼሪ ዛፎች ተተክለዋል። የቶክዮ ከተማ በ1912 ለዋሺንግተን ከ3,000 በላይ የቼሪ ችግኝ ሰጥታ ስለ ነበር፥ ይህ ዛፍ የከተማይቱ ምልክት ሆኗል። አበባው የሚፈነዳው ጨዋታው በሚጀመርበት ሰሞን ነው፤ አንድ ኀይለኛ ዝናብ የመጣበት እንደ ሆነ ግን በአንድ ሌሊት ይረግፋል። ከላይኛው ደርብ ለተቀመጠ ሰው የምክር ቤቱ ጕልላት በሩቅ ይታየዋል። እኛ የምንመርጠው ይህንኑ የላይኛውን ደርብ ነው፤ አንደኛ ዋጋው ይቀላል፥ ሁለተኛም እውነተኛው ንግግር የሚሰማው በዚያ ነው። ከታች በመቺው አጠገብ የሚቀመጡት ታላላቅ ሰዎች ዐይናቸው ከስልካቸው ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አላየንም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንናገር። ከእያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ሰዎች በሜዳ ይሰለፋሉ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ በዱላ ይመታዋል፤ መቶም አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት የተመለሰ እንደ ሆነ አንድ ነጥብ ያገኛል። ይህም በዘጠኝ ዙር ይፈጸማል። በሀገራችን ገና የተጫወተ ሰው ዱላና ኳስ ስላየ ብቻ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ እንዳያስብ፤ ገና ሩጫና ግፊያ ነው፥ በዚህ ጨዋታ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። ሰውም በመጠበቁ መካከል ይበላል፥ ያወራል፥ ልጁን ያስተምራል፥ ቡድኑንም ይወቅሳል። ለወቀሳ ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ሌላ ጨዋታ አላየንም።

ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት የጨዋታው ብዛት ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ቡድን 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ከዚህም 81 በገዛ ሜዳው ነው። እጅግ የበረታው ቡድን ብዙ ጊዜ 60 ያህል ጨዋታ ይሸነፋል፤ እጅግ የደከመውም 50 ወይም 60 ያህል ያሸንፋል። ስለዚህ በብርቱውና በደካማው መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሳምንት አይታይም፤ በአንድ ወርም የሚታየው በጭንቅ ነው። ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጥ ሆኖ ሳለ፥ በኤፕሪል 10ኛው ቀን ፍርዱን ያልሰጠ ሰው በላይኛው ደርብ ማግኘት አልሆነልንም።

ፈራጆቹም በየዓይነታቸው ናቸው። አንዱ የቡድኑ አለቃ ዛሬውኑ ይሻር ይላል። ሁለተኛው ጥፋቱ ገንዘብ የቈጠቡት የባለቤቶቹ ነው ይላል። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ቍጥር በቃሉ አጥንቶ፥ «ኳሱን አጥብቀን እየመታን ነው፤ ዕድል ብቻ ጐደለን» እያለ በሒሳብ ራሱን ያጽናናል። አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ያስቀናናል፤ እርሱም መዝገብ በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ምት በእርሳስ የሚጽፍ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየደርቡ አይጠፋም። ስለ ቡድኑ ሲጠይቁት «ገና ሜይ አልገባም» ብሎ ወደ ጽሕፈቱ ይመለሳል። ሜይ ሲገባ ቢጠይቁት ደግሞ «ገና ጁን አልገባም» እንደሚል እንጠረጥራለን።

በሀገራችን በገና ጨዋታ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚሆኑ፥ ጌታም በሚሰነዘርበት የፌዝ ቃል እንዳይቆጣ ልማድ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዚህም ሜዳ እንደዚሁ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን ተጫዋች የአሥር ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ይገሥጸዋል፤ ከልክ ያለፈ ቃል ካልተናገረም የሚከለክለው የለም። በአራተኛው ዙር መካከል ደግሞ የቀድሞዎቹን ፕሬዚዳንቶች መልክ የያዘ ትልልቅ ራስ ያጠለቁ ሰዎች በሜዳው ዳር ይሽቀዳደማሉ። ከነዚህ አንዱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ከ2006 ጀምሮ ከ500 ጊዜ በላይ ሮጦ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ እስከ 2012 ኦክቶበር 3 ቀን ቈየ። የሕዝቡ ፍቅር ግን ከአሸናፊዎቹ ይልቅ ለእርሱ ነበር። ለተሸናፊው ፕሬዚዳንት ይህን ያህል የሚራራ ሕዝብ፥ ዘጠነኛውን ዙር ላበላሸው ወርዋሪ ግን አንዲት የርኅራኄ ቃል ያጣል።

በላይኛው ደርብ ከፊታችን አንድ የሀገራችን ሰው ከልጁ ጋራ ተቀምጦ አየን። አባትዬው በእግር ኳስ ያደገ ነው፤ ልጁ ግን በዚያ ሀገር የተወለደ ስለ ሆነ የቤዝቦሉን ሥርዓት የሚያስረዳው እርሱ ነው። እንግዳ ነገር ነው፤ በእኛ ልማድ አባት ያስተምራል ልጅ ይሰማል፥ በዚህ ወንበር ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቡድኑ በሰባተኛው ዙር አምስት ነጥብ ሲቈጠርበት አባት ታክቶት፥ «ልጄ፥ ይህ ቡድን የሚረባ አይደለም፤ ስለምን የሚያሸንፈውን አትመርጥም?» አለው። ልጁም ዐይኑን ከሜዳው ሳያነሣ፥ «አባባ፥ ቡድን እኮ አይመረጥም» ሲል መለሰለት። አባትዬው ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ጋቢውን አውልቆ የልጁን ትከሻ ሸፈነለት። በከተማይቱ በታክሲ ነጂነት ከሚሠሩት ከብዙዎቹ የሀገራችን ሰዎች አንዱ እንደ ነገረን ደግሞ፥ ከሜዳው የሚመጣ ተሳፋሪ ውጤቱን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ቡድኑ ያሸነፈ እንደ ሆነ ተሳፋሪው በሩን ሳይዘጋ ማውራት ይጀምራል፥ የተሸነፈ እንደ ሆነ ግን የሚናገረው የቤቱን ቍጥር ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ወር የሚሰጥ ፍርድ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ይህ ቡድን በሁለት ዓመታት አሳይቷል። አንደኛው ወደ ከተማይቱ የመጣበት 2005 ነው። በዚያ ዓመት ከ162ቱ ጨዋታ የመጀመሪያዎቹን 81 በተጫወተ ጊዜ 50 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ሕዝቡም ደስታውን አልቻለውም። የቀሩትን 81 ሲጫወት ግን 31 አሸንፎ 50 ተሸነፈ። ቍጥሩ በመስተዋት ውስጥ እንደ ታየ ሁሉ ተገለበጠ፤ ዓመቱም 81 ለ81 ሆኖ አለቀ። ስለዚህ መጥፎው መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መልካሙም መጀመሪያ ያታልላል፤ ሰው ግን በመልካሙ መታለሉን ቶሎ ይረሳዋል።

ሁለተኛው 2019 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የከተማው ሰው ልቡ ቈስሎ ነበር። ሰባት ዓመት የተጫወተለት ታላቁ መቺ ብራይስ ሃርፐር ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ውል ገብቶ ወደ ጎረቤት ወደ ፊላደልፊያ ቡድን ሄዶ ነበርና። ማርች 28 ቀን በገዛ ሜዳቸው የመጀመሪያውን ጨዋታ በኒው ዮርክ ሜትስ 2 ለ0 ተሸነፉ። ኤፕሪል 2 ቀን ሃርፐር የፊላደልፊያን ልብስ ለብሶ በዝናብ መጣ። ያን ማታ የነበረውን ጩኸት የሰማ ሰው አይረሳውም። ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች ሃርፐርን ባዶ እጁን ሲመልሰው ሕዝቡ እንደ ዋንጫ ቀን ጨፈረ። በኋላ ግን ሃርፐር ሦስት ጊዜ መታ፤ ሦስተኛውም ኳስ ከአጥር ወጥቶ ጨዋታው 8 ለ2 አለቀ። በዚያው ቀን ፈጣኑ ሯጭ ትሬ ተርነር ኳስ መትቶት ጣቱ ተሰበረ። ከዚያም ወዲህ ወርዋሪዎቹን በመጨረሻዎቹ ዙሮች የሚተኩት ሰዎች የተገኘውን ነጥብ እየመለሱ ይሰጡ ጀመር፤ ሜይ 2 ቀን የወርዋሪዎቹ አሠልጣኝ ተሻረ። ቡድኑ ኒው ዮርክ ሄዶ አራት ጨዋታ ተጫውቶ አራቱንም ተሸነፈ። በሜይ 23 ቀን ሲቈጠር ከ50 ጨዋታ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፏል።

በዚያ ሰሞን በጋዜጣውም በመንገዱም የነበረው ነገር ሁሉ የቡድኑ አለቃ ሚስተር ዴቭ ማርቲኔዝ መቼ ይሻሩ የሚል ነበር። የቡድኑ ሹማምንት ግን አልሻሯቸውም። ይህን በትዕግሥት አደረጉት ወይስ የሚተካ ሰው አጥተው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኛም በዚህ አንፈርድም። ብቻ በማግስቱ ቡድኑ ወደ ገዛ ሜዳው ተመልሶ ማያሚን አሸነፈ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸንፎ ዓመቱን 93 ለ69 ፈጸመ።

ቤተሰብ ለሚያነበው ለዚህ ገጽ የሚስማማው ግን የሕፃኑ መዝሙር ነገር ነው። ሄራርዶ ፓራ የሚባለው የቬኔዝዌላ ተወላጅ በሜይ ወር ከሌላ ቡድን ተሰናብቶ መጥቶ ነበር። እያንዳንዱ መቺ ወደ ተራው ሲወጣ የመረጠው ዜማ ይነፋለታል። ይህ ሰው 22 ጊዜ ሞክሮ አንድ እንኳ መምታት ስላልሆነለት፥ የሁለት ዓመት ሴት ልጁ የምትወደውን «ቤቢ ሻርክ» የሚባለውን የሕፃናት መዝሙር ጁን 19 ቀን አስነፋ። ያን ቀን መታለት። ሕዝቡም መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን ሁለት እጁን እንደ ዓሣ አፍ እየከፈተና እየገጠመ አብሮት ያጨበጭብ ጀመር። ከበጋው እስከ መጸው ድረስ ነገሩ እየበዛ ሄዶ፥ ባለ ማዕረጉም ሽማግሌውም በ40,000 ሰው መካከል ቆሞ እንደ ሕፃን እጁን ያንቀሳቅስ ነበር። ከኤፕሪል ጀምሮ ፊቱን ያልፈታ ሰው በልጆቹ ፊት እንዲህ ሲሆን ማየት ለቤተሰቡ ምን ያህል ደስታ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ተጫዋቾቹም ወደ ማረፊያው በደረሱ ጊዜ ያንኑ ምልክት ለሕዝቡ ይመልሱለት ነበር። እኛ ዜማው እስኪያንገሸግሸን ሰምተነዋል፤ ነገር ግን ቂም የቋጠረውን ደርብ ያስታረቀው እርሱ መሆኑን እንመሰክርለታለን።

ኦክቶበር 1 ቀን ሚልዎኪ የሚባለው ቡድን እስከ ስምንተኛው ዙር 3 ለ1 ሲመራ፥ ገና 20 ዓመት የሆነው ዊዋን ሶቶ የመታውን ኳስ የሚልዎኪ ተከላካይ ስላሳለፈው ሦስት ሰዎች ገብተው 4 ለ3 ሆነ። ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስንና ሴንት ሉዊስን አልፈው ከሂውስተን ጋራ ለበላይነቱ ሰባት ጨዋታ ተጫወቱ። በነዚህ ሰባት ጨዋታዎች ሁለቱም ቡድኖች በገዛ ሜዳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፉም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ ኦክቶበር 30 ቀን ዋሺንግተን 6 ለ2 ያሸነፈው በሂውስተን ከተማ ነው፤ የዋሺንግተን ሰዎች ግን በገዛ ባዶ ሜዳቸው ተሰብስበው፥ ዝናብ እየመታቸው፥ በትልቁ መስኮት ላይ ምስሉን ሲያዩ አመሹ። በ1971 ሣሩን ነቅለው ከወሰዱት መካከል በዕድሜ ደርሰው ይህንም ያዩ ይኖራሉ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። የድሉ ዓርማ በ2020 ሲሰቀል በተላላፊው በሽታ ምክንያት በወንበሮቹ ላይ አንድ ተመልካች አልነበረም። በ2021 ሸርዘርና ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ተላለፉ፤ በ2022 ሶቶ ወደ ሳን ዲየጎ ሄደ፥ ቡድኑም በዚያ ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፈ። የዋንጫው ጀግና ስቲቨን ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ዶላር ከተዋዋለ በኋላ በሕመም ምክንያት ስምንት ጊዜ ብቻ ወርውሮ በ2024 ጨዋታውን ተወ። በ2019 ሊሻሩ ሲባል የተረፉት ሚስተር ማርቲኔዝም በ2025 ጁላይ ወር ተሻሩ። ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ሽንፈቱ ከድሉ ያነሰበት አንድ ዓመት እንኳ የለም።

ሆኖም ዛሬም በኤፕሪል ቡድኑ በተሰናከለ ቍጥር በላይኛው ደርብ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «19 ለ31» ይላል። ሌላ ቃል አያስፈልገውም፤ የሰማው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ይህን ቃል እንወደዋለን፤ እንፈራዋለንም። የምንወደው ሰውን ከወንበሩ ተነሥቶ ከመሄድ ስለሚከለክለው ነው። የምንፈራው ግን፥ በ2019 እነዚያን 31 ጨዋታዎች የተሸነፉት ሸርዘርና ስትራስበርግ፥ ሶቶና ሬንዶን መሆናቸውን እያስረሳ ለማንኛውም ደካማ ቡድን መሸፈኛ ስለሚሆን ነው። እነዚያ ሰዎች በክፉ ወር ውስጥ የነበሩ ብርቱዎች ነበሩ። ብርቱ ያልገዛ ባለቤት ይህን ቍጥር ሲጠራ የሰማን እንደ ሆነ ልንጠራጠረው መብት አለን። በአለቃው ላይ በኤፕሪል የሚጮኸውን ሰው ስንነቅፍ ቈይተን፥ በኦገስት ወር ወንበሩን ባዶ ለሚተወው ሰው ግን አንድም የምንመልሰው ቃል እንዳጣን እንናገራለን፤ ገንዘቡን የሚከፍለው እርሱ ነውና።

በእሑድ ቀን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሕፃናት ወደ ሜዳው እንዲገቡ ይፈቀድላቸዋል። እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሜዳው ውጭ ረጅም ሰልፍ ይሠራሉ፤ ቡድኑ 11 ለ2 በተሸነፈበትም ቀን ሰልፉ አያጥርም። ልጆቹ አንዱ በአንዱ እየተከታተሉ ታላላቆቹ ተጫዋቾች የረገጡትን አራቱን ማረፊያዎች ይረግጣሉ። አንዳንዱ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሄዱን ረስቶ ወደ ወርዋሪው ጕብታ ይወጣል፤ ጠባቂዎቹም እየሳቁ ይመልሱታል። ከኋላቸው የሜዳው ሠራተኞች ጐማውን ቧንቧ ይዘው ይቆያሉ፤ የመጨረሻው ልጅ እንዳለፈም አፈሩን ለነገው ጨዋታ ውኃ ማጠጣት ይጀምራሉ።